የብር ሥራ መማር እፈልጋለሁ፦ ስቱዲዮ ልግባ ወይስ ቤቴ ልጀምር? (ሲያትል)

የሬንተኗ

ሰላም ለሁላችሁ። ሲያትልና አካባቢው ያላችሁ፣ ሌላ ከተማም ሆናችሁ የወርቅና የብር ሥራ የምታውቁ፣ እባካችሁ ሐሳብ ስጡኝ።

ጌጣጌጥ መሥራት መማር እፈልጋለሁ። ዶቃ መሰካት አይደለም የምለው። ብር መቁረጥ፣ መቀጥቀጥ፣ መበየድ፣ ሲሳካልኝ ደግሞ አንድ የአንገት መስቀል ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው በራሴ እጅ መሥራት። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ፈረቃዬ ይቀያየራል፣ ግን በሳምንት አንድ ማታና ከቅዳሜ ወይ ከእሑድ አንዱን ማግኘት እችላለሁ።

ሴንትራል ዲስትሪክት ያለውን ፕራት የሥነ ጥበብ ማዕከል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከጃክሰን ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ነው። መስታወት ይነፋሉ፣ ድንጋይ ይቀርጻሉ፣ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ የጌጣጌጥ ክፍልም አላቸው። ለጀማሪ ኮርስ አለ። ክፍያው ግን ለእኔ ቀላል አይደለም፣ ባለቤቴም "በዚያ ገንዘብ መሣሪያውን ገዝተሽ ጋራዥ ውስጥ ከዩቲዩብ ተማሪ" ይለኛል። እውነት ከዩቲዩብ ይቻላል?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። አያቴ ያወረሰችኝ የብር ዕቃዎች አሉ። ማርትሬዛ ብሮች (የማሪያ ቴሬዛ የድሮ የብር ሳንቲሞች) ናቸው፣ ግማሾቹ ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶባቸዋል። አንድ ክንዱ የተሰበረ የአንገት መስቀልና አንድ የጆሮ ኩክ ማውጫም አለ። እነዚህን አቅልጬ አዲስ መስቀል ብሠራስ ብዬ አስባለሁ፣ ብር ከምገዛ። ወንድሜ ደግሞ ከደሴ ጥቂት ኦፓል ልኮልኛል፣ ቀለበት ላይ ባስቀምጠው ደስ ይለኛል።

የመጨረሻው ጥያቄ እንኳን አይደለም። ለእናቴ ስነግራት "አሜሪካ ድረስ ሄደሽ ቀጥቃጭ ልትሆኚ?" አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፣ ግን የምሯን እንደሆነ አውቃለሁ። ከብዶኛል።

ቼሪ ጎዳና

እህቴ፣ ስቱዲዮውን ግቢ። እኔ የብር ሥራ የጀመርኩት እዚያው ፕራት ነው፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ስሙ የኤድዊን ፕራት መታሰቢያ ነው፤ የሲያትል የኧርባን ሊግ (የጥቁሮች መብት ድርጅት) መሪ የነበረ፣ ለጥቁሮች የመኖሪያ ቤትና የትምህርት መብት የታገለ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 1969 በራሱ ቤት ደጃፍ በጥይት የተገደለ ሰው ነው። በግድያው እስካሁን ማንም አልተከሰሰም። ይህን የምነግርሽ እዚያ ስትገቢ እንግዳ ነኝ ብለሽ እንዳትሸማቀቂ ነው። ቦታው በእኛው ሰፈር፣ በእኛው የምግብ ቤቶችና የሱቆች መሃል፣ በጥቁር ሰው ስም የቆመ ነው። በ48 ወይ በ14 ቁጥር አውቶቡስ መምጣት ትችያለሽ።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ባለቤትሽ የሚያስበው መዶሻና ፒንሳ ይመስለኛል፣ እሱማ ርካሽ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የምትከፍዪው ለሌላው ነው። ብሩን እንደ ሊጥ የሚዳምጠው ማሽን ብቻውን ደህና የሆነውን ልግዛ ብትዪ ብዙ መቶ ዶላር ይጠይቅሻል፣ ከሺህም ያልፋል። የጋዝ መበየጃው፣ ጭሱን ስቦ የሚያወጣው ማራገቢያ፣ አቧራውን የሚውጠው የመወልወያ ሞተር፣ ቀለበት የሚለካበትና የሚከበብበት ብረት፣ ሽቦ በቀዳዳ እየተሳበ የሚቀጥንበት ሳህን፣ እሳት ብሩ ላይ የሚተወውን ጥቁረት (ኦክሳይድ) የሚያነሳው ለብ ያለ አሲድ፣ ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል። እንዲህ ያሉ ስቱዲዮዎች ደግሞ ኮርስ ወስደሽ መሣሪያውን በደህና መያዝሽን ካዩ በኋላ በሰዓት እየከፈልሽ ለብቻሽ የምትሠሪበት ጊዜ ይሰጣሉ። ለአንቺ ፈረቃ ዋናው ነገር እሱ ነው። ስትደውዪ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ የትምህርት ድጋፍ አለ ወይ፣ ክፍያው መዳቡንና ብሩን ይጨምራል ወይ፣ ለብቻ መሥራት የሚፈቀደው መቼ ነው።

ስለ ዩቲዩብ አንድ ነገር ልበልሽና ላቁም። ብር ስታሞቂ የምትመሪው በቀለም ነው። ብሩ ለመለስለስ ወይ ለመበየድ ሲደርስ ደብዘዝ ያለ ቀይ ይመጣል፣ እሱን ለማየት ክፍሉ ራሱ ትንሽ ጨለም ማለት አለበት። ካሜራ ያንን ቀለም በትክክል አያሳይም። አንዱ ቪዲዮ ላይ ብርቱካን ይመስላል፣ ሌላው ላይ ምንም አይታይም። ከጎንሽ የቆመ ሰው "አሁን! እሳቱን አንሺ!" ሲልሽ ግን ዓይንሽ ያንን ቀለም ይይዘዋል። እኔ አንድ ጊዜ ከያዝኩት በኋላ አልጠፋኝም።

መጀመሪያ ላይ የሚሰጡሽ መዳብና ናስ ነው፣ ብር አይደለም። አትከፊ። መጋዙን መልመድ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። የምላጩ ጥርስ ወደ ታች፣ ወደ እጀታው ማየት አለበት፣ ምክንያቱም የሚቆርጠው ወደ ታች ሲሳብ ነው። ለጀማሪ 2/0 የሚባለው ምላጭ ጥሩ ነው። አትግፊው፣ ክንድሽ ይውረድ ይውጣ፣ ምላጩ ራሱ ይሄዳል። ይሰበራል፣ በደርዘን የሚሸጠውም ለዚህ ነው። ሰም ብትቀቢው ይለሰልሳል። ሌላው ደግሞ ብየዳ ነው። ብዙ ሰው የመበየጃው ብር ክፍተት የሚሞላ ይመስለዋል፣ አይሞላም። ሁለቱ ጫፎች ገጥመው ብርሃን እንኳን በመሃላቸው ማለፍ የለበትም። ጽዱ መሆን አለበት፣ ቦራክስ መቀባት አለበት፣ ከዚያ የምታሞቂው ዕቃውን ሙሉውን ነው እንጂ የብየዳ ቁራጯን አይደለም። መበየጃው ቀልጦ የሚሮጠው ሙቀት ወዳለበት ነው።

የጥጥ ልብስ ልበሺ፣ ናይለን እሳት ሲነካው ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጸጉርሽን እሰሪ፣ ሻሽም ነጠላም ሞተሩ አጠገብ አይሆንም፣ ጫማሽ ጣት የሚሸፍን ይሁን።

ጋራዥ ቤት

ቼሪ ጎዳና ያለችው ጥሩ ነው፣ ግን በሙሉ አልስማማም። እኔ ሌሊት ነው የምነዳው። የምተኛው ሌላው ሰው ክፍል በሚገባበት ሰዓት ነው። ኮርሶች ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው አልተሰሩም፣ ስለዚህ ጋራዤ ውስጥ ጀመርኩ፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነኝ።

መጋዝ፣ ጥቂት ሞረዶች፣ ፒንሳ፣ ወረንጦ፣ ትንሽ ሞርሳ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ የሚታሰር እንጨት፣ ብርጭቆ ወረቀት በየቁጥሩ። ይሄ በቂ ነው ለመጀመር። መዳብ ላሜራና ሽቦ ገዛሁ። ቪዲዮ መልሶ መላልሶ ማየት ይቻላል፣ አስተማሪን ግን አሥር ጊዜ ድገምልኝ ማለት ያሳፍራል። እኔ የተማርኩት ያንኑ ነገር ደጋግሜ በማየት ነው፣ እጄም ገብቶታል።

እህቴ፣ የምመክርሽ እንዲህ ነው። ያለ እሳት የሚሠራውን ሁሉ ቤትሽ ሥሪው። መቁረጥ፣ መሞረድ፣ መቅደድ፣ ሽቦ መጠምዘዝ፣ በሪቬት ማያያዝ፣ በመዶሻ ጌጥ መምታት እሳት አይፈልግም። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ እንኳን መጋዝ ብዙ አይጮህም። ስቱዲዮ ስትገቢ ቆርጠሽ ሞርደሽ የጨረስሽውን ይዘሽ ነው የምትገቢው፣ እዚያ የምትከፍዪበትን ሰዓት በሙሉ እሳቱ ላይ ታውዪዋለሽ። እንዲህ ካደረግሽው ገንዘብሽም ጊዜሽም ይበቃል።

ባለቤትሽም ልክ ነው በከፊል። ቤት ውስጥ መሣሪያ ከሌለሽ በሳምንት አንዴ ብቻ እየነካሽው እጅሽ ይረሳዋል።

አንጥረኛው

ልጄ፣ እኔ ዳላስ ነው ያለሁት፣ ያደግሁት ግን አዲስ አበባ ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለ የአንጥረኛ መሥሪያ ክፍል ውስጥ ነው። አባቴም አንጥረኛ ነበሩ። ያነሳሽው ነገር ልቤን ነክቶኛልና ዝም ማለት አልቻልኩም።

በእኛ ጊዜ የሚያስተምር ሰው "ና ላስተምርህ" አይልም። ልጅ ሆነህ ትገባለህ፣ ወለል ትጠርጋለህ፣ ያውም እንደ ቤት ጥራጊ አይጣልም፣ ይሰበሰባል፣ ይቃጠላል፣ ውስጡ ያለው የወርቅ ብናኝ ተለይቶ ይወጣል። ከጠረጴዛው ሥር ቆዳ ይወጠራል፣ ሞረድ የሚያወርደው ሁሉ እዚያ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ከሰል ማቀጣጠል፣ ከዚያ በአፍ የሚነፋውን ቀጭን ቱቦ ይዞ ነበልባሉን ማቅናት። ጉንጭህ አየር ይዞ በአፍንጫህ እየተነፈስክ ሳታቋርጥ መንፋት አለብህ። ወርቁን እስክትነካ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ። ጌታው ደግሞ ለሌላ ቤተሰብ ልጅ ምሥጢሩን ሁሉ አይሰጥም ነበር። አሁን አንዲት እናት ከሥራ ወጥታ በአንድ ማታ እኛ በዓመት የምንሰማውን ሰምታ ትወጣለች። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግቢ። እጅሽ የሚለምደው ግን እንደ ወንድማችን እንዳለው ቤትሽም ስትሠሪ ነው፣ በዚህ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

እሳቱን ግን ቤትሽ አታምጪው። የጋዝ ሲሊንደር ብዙ የኪራይ ውሎች ይከለክላሉ፣ ውልሽን አንብቢ። ጋራዥ በሩ ተዘግቶ ጋዝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሞላል፣ ሽታ የለውም። ናስ ውስጥ ያለው ዚንክ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ጭሱ ያማል፣ ማታ እንደ ወባ ያንዘፈዝፋል። አንዳንድ የድሮ መበየጃ ካድሚየም አለበት፣ የእሱ ጭስ ሳንባ ይጎዳል፣ ይገድላልም። ስትገዢ ካድሚየም የሌለው መሆኑን ማሸጊያው ላይ አንብቢ።

አሁን ወደ አያትሽ ብር ልምጣ። ልጄ፣ አታቅልጪው።

ምክንያቴን ልንገርሽ። ማርትሬዛ ላይ ያለው ዓመት ሁልጊዜ 1780 ነው፣ የትም ይመታ፣ መቼም ይመታ። ቪየና ዛሬም ድረስ ትመታዋለች። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1935 የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ያስመታ ነበር፣ ከዚያ በኋላ እንግሊዞችም ለንደንና ቦምቤይ መቱት። ስለዚህ ሳንቲሙ እንደ ሳንቲም ብርቅ ላይሆን ይችላል። የአያትሽ ግን ማንጠልጠያ ተበይዶበታል፣ አንገት ላይ ውሏል፣ ተሽቷል። ያንን ማንጠልጠያ የሠራ ሰው አለ። ስሙን አናውቀውም፣ ከእጁ የተረፈው ግን ያ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የሥራውም ነገር አያዋጣሽም። ማርትሬዛ ክብደቱ 28 ግራም ነው፣ ንጹህ ብሩ በሺህ 833 ነው፣ የቀረው መዳብ ነው። አሁን ገበያ ላይ 925 የሚባለው ብር በሺህ 925 ነው። አንዱን ማርትሬዛ ወደ 925 ላሳድገው ብትዪ 34 ግራም ገደማ ንጹህ ብር መጨመር አለብሽ፣ ከሳንቲሙ ክብደት በላይ ማለት ነው። ታዲያ ብር ላለመግዛት ብለሽ ብር ልትገዢ ነው። እንዲሁ አቅልጬ ልጠቀመው ካልሽ ደግሞ መዳቡ ብዙ ስለሆነ እሳት ባየ ቁጥር ይጠቁራል፣ ለጀማሪ ያስቸግራል። ድሮ አባቶቻችን ይሠሩበት የነበረው ሌላ ብር በቀላሉ ስለማይገኝ ነው። ቀጥቅጠው በእሳት እያለሰለሱ፣ እንደገና ቀጥቅጠው እያለሰለሱ፣ ሳህን አድርገው መስቀል ይቆርጡበት ነበር። ጥሩ ብር ነው። ለአንቺ የመጀመሪያ ሥራ ግን አይደለም።

የተሰበረውን መስቀልም እሳት አታስነኪው ገና። በየሰፈሩ የተጠገኑ የድሮ መስቀሎች ብዙ ጊዜ በሬዲዮ ጠጋኝ ሊድ የተለጠፉ ናቸው። ውስጡ እርሳስ አለ። እርሳስ ያለበት ብር በብየዳ ሙቀት ሲነካ እርሳሱ ብሩን ይበላዋል፣ ጉድጓድ ጉድጓድ አድርጎ ያበላሸዋል፣ ከዚያ መመለሻ የለውም። ስብራቱን አጉልተሽ እዪው። ግራጫ፣ ለስላሳ፣ በጥፍር የሚጫር ነገር ካለ እሱ ነው። መጀመሪያ እሱ በሙሉ ተፍቆ መውጣት አለበት፣ ይህን ደግሞ ልምድ ያለው ሰው ይሥራው። ብር መሆኑንም አስመርምሪ፣ ብር የሚመስል ኒኬልና መዳብ የተቀላቀለ ዕቃ ብዙ አለ፣ ማግኔት አይለየውም። ጌጣጌጥ ሱቆች በማሽን ያነቡልሻል።

ይልቅ መስቀሉን ወረቀት ላይ አስቀምጠሽ በመጻፊያ እርሳስ ዙሪያውን አንሺው። ውፍረቱን ለኪ። ከዚያ ያንኑ ከመዳብ ላሜራ ቁረጪው። ውስጡ ያለው ቀዳዳ ሁሉ መጋዝ የገባበት ነው፣ መጀመሪያ ተበስቶ ምላጩ በቀዳዳው አልፎ እንደገና ተወጥሮ የተቆረጠ። አንዱን መስቀል ስትቆርጪ የዚያን ሰው እጅ ትከተያለሽ፣ የት እንደዞረ፣ የት ሞረድ እንደተጠቀመ ይገባሻል። ከየትኛውም አስተማሪ በላይ ያስተምርሻል።

የሬንተኗ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፉልኝን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ ስለ ጋዙ ሲሰማ ዝም አለ። ማርትሬዛዎቹን መልሼ በጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ፣ አላቀልጣቸውም። የመስቀሉን ስብራት አጉልቼ አየሁት፣ እንዳሉት ግራጫ ነገር አለበት። የጆሮ ኩክ ማውጫውስ? እሱንስ መዳብ ላይ መሞከር ይቻላል?

ጋራዥ ቤት፣ ያለ እሳት የሚሠራውን ቤት፣ እሳቱን ስቱዲዮ ያልከው በጣም ተመችቶኛል። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

አንጥረኛው

ይቻላል ልጄ፣ እንዲያውም ከሁሉ የሚሻለው ጅምር እሱ ነው። ወፍራም የመዳብ ሽቦ ያዢ፣ አንዱን ጫፍ በመዶሻ ጠፍጥፈሽ ማንኪያ አድርጊው፣ ሌላውን ጠምዝዥው ወይ ቅርጽ ስጪው። እየቀጠቀጥሽ ሲደርቅብሽ፣ ሲጠጥርብሽ እጅሽ ያውቀዋል፣ ያኔ ስቱዲዮው ውስጥ በእሳት ማለስለስ ማለት ምን እንደሆነ ይገባሻል። ሳታለሰልሺ ከቀጠልሽ ይሰነጠቃል።

ናታንያ

ሰላም። እኔ ከእስራኤል ነኝ። ብር ሠርቼ አላውቅም፣ ግን እናትሽ ያሉትን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

አያቴ ጎንደር ወለቃ አካባቢ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። አያቴ ሴቷ ደግሞ ሸክላ ሠሪ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ለአካባቢው ገበሬ ሁሉ የሚሠሩት የእኛ ሰዎች፣ ቤተ እስራኤሎች፣ ነበሩ። ያለ እነሱ ማረስ አይቻልም ነበር። ማረሻውን ወስዶ ያረሰበት ሰው ግን ማታ "ቡዳ ነው፣ ልጅህን አታሳየው" ይላል። እናቴ ይህን እየሰማች ነው ያደገችው። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው እንዳይሰድቡት በአዋጅ ከልክለው ነበር፣ ያ እንኳን አዋጅ እስኪያስፈልገው ድረስ የከበደ ነገር ነበር ማለት ነው። አዋጁም ስድቡን አላጠፋውም።

እዚህ ስንመጣ አያቴ መዶሻ አልነኩም። የሚነካበት ቦታም አልነበረም። የየመን አይሁዶች ግን ከእኛ በፊት የመጡት የብር ሥራቸውን ይዘው ነው የገቡት፣ ኢየሩሳሌም ላይ እ.ኤ.አ. በ1906 የተመሠረተው የብጸልኤል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የየመን አንጥረኞችን ይዞ ይሠራ ነበር። በቀጭን የብር ሽቦ የሚሠሩት ሥራ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ነው። የእኛ አያቶች እውቀት እንዲህ የሚቀበለው ጠረጴዛ አላገኘም፣ ከእነሱ ጋር ወደ መቃብር ወረደ። እኔ ይህን ሳስብ ይቆጨኛል፣ በጣም ይቆጨኛል። ልጆቼን ምን ይሠሩ ነበር ብዬ ላሳያቸው ብል የማሳያቸው አንድ ማጭድ እንኳን የለኝም።

ስለዚህ እህቴ፣ እናትሽን አትቆጪያቸው፣ እሳቸውም ከልጅነታቸው የሰሙትን ነው የደገሙት። ግን ቁጭ ብለሽ አንገታቸው ላይ ያለውን መስቀል ማን እንደሠራው ጠይቂያቸው። ከየት እንደተገዛ፣ ሰውየው የት ይቀመጥ እንደነበር፣ ምን ይሉት እንደነበር። የሚያስታውሱትን ጻፊው። ምናልባት ከእሳቸው ሌላ የሚያስታውስ ሰው የለም።

ደላንታ

ኦፓል ስላልሽ ገባሁ። የተወለድኩት ደላንታ ነው፣ ወገል ጤና አጠገብ። የእኛ ኦፓል በዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ነው። ገደሉ ላይ በገመድ እየተንጠለጠሉ፣ ጉድጓድ ውስጥ እየገቡ የሚያወጡት የሰፈር ልጆች ናቸው፣ ናዳ የበላቸውም አሉ። ወንድምሽ የላከልሽን ድንጋይ በዚህ ዓይን ያዢው።

አሁን ሥራው። የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል። ውኃ ውስጥ ከገባ ቀለሙ ይጠፋና እንደ መስታወት ይጠራል። ከደረቀ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ ግን ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ አትደንግጪ፣ በእሳት ወይ በፀሐይ ላድርቀው ብለሽም አታሞቂው፣ ይሰነጠቃል። ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ዘይትም፣ ሳሙናም፣ የመወልወያ ቅባትም፣ አሲድም ይጠጣል፣ እነዚህ ደግሞ ሁልጊዜ አይወጡም። ስቱዲዮ ውስጥ ያለው የሚንቀጠቀጥ ማጠቢያ ውስጥ በጭራሽ አታስገቢው።

ስለዚህ ቀለበቱን በሙሉ ጨርሺ። ብየዳው ያለቀ፣ አሲዱ የታጠበ፣ የተወለወለ ይሁን። ኦፓሉ የሚገባው ከሁሉም በኋላ ነው። ዙሪያውን የሚያቅፈውን ቀጭን ብር ከንጹህ ብር ሥሪው፣ ከ925 ይልቅ ስለሚለሰልስ ብዙ ሳትጫኚ ይታጠፍልሻል። ድንጋዩ ከጌጥሽ ጠርዝ በላይ ብዙ የሚወጣ ከሆነ ቀለበት አታድርጊው፣ እጅ ሁሉንም ነገር ይመታል፣ አንቺ ደግሞ ሥራሽ ቀኑን ሙሉ እጅ መታጠብ ነው። ለጉትቻ ወይ ለአንገት አድርጊው። ይህን ብቻ ሰምተሽኝ ሌላውን ብትተዪው እንኳን ደስ ይለኛል።

የሬንተኗ

ደላንታ፣ እውነትሽን ነው፣ እጄ ቀኑን ሙሉ ውኃና ሳሙና ውስጥ ነው። ጉትቻ ይሆናል።

ናታንያ፣ ያልሽውን ካነበብኩ በኋላ እናቴ ጋ ደወልኩ። መስቀሉን የሠራው ሰው ደብረ ታቦር ገበያ አጠገብ ይቀመጥ እንደነበር፣ በእግሩ ወናፍ እየነፋ እንደሚሠራ፣ እሷም ልጅ ሆና ቆማ ታየው እንደነበር ነገረችኝ። ይህን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ስለ ቀጥቃጩ ነገር አላነሳሁባትም፣ እሷም አላነሳችም። ብቻ "ስትጨርሺ ላኪልኝ" አለች።

ለጀማሪው ኮርስ ልመዘገብ ነው። የትምህርት ድጋፍም እጠይቃለሁ። የተሰበረውን መስቀል ይዤ ብሄድ አስተማሪው ያየዋል? እዚያ መጠገን ይቻላል?

ቼሪ ጎዳና

ይዘሽ ሂጂ፣ ግን ከቦርሳሽ ሳታወጪ መጀመሪያ ንገሪያቸው። የጋራ ስቱዲዮ ውስጥ ከውጭ የመጣ ያልታወቀ ብረት እሳትና አሲድ ጋ አይቀርብም፣ በተለይ እርሳስ የተጠረጠረበት። ምክንያቱ አንድ ሰው እርሳስ የሞረደበትን ሞረድ ሌላው ሰው ለብሩ ሲጠቀምበት የሁለተኛው ሥራ ይበላሻል። አሲዱም እንደዚያው የጋራ ነው። የብረት ወረንጦ እንኳን ውስጡ አይገባም፣ ገብቶ እያለ ውስጡ ያለ ብር ሁሉ መዳብ ይለብስና ሮዝ ይሆናል፣ የመዳብ ጉጠት ነው የምትጠቀሚው። መጀመሪያ ቀን ይህን ሁሉ ይነግሩሻል።

ፎቶውን ከሁለት በኩል አንሺና አሳዪያቸው፣ ከጋሼ ያገኘሽውን የእርሳስ ነገር ንገሪያቸው። ጥገናውን ማን ቢሠራው እንደሚሻል ይጠቁሙሻል። ለክፍሉ ግን የወረቀት ንድፉን ይዘሽ ግቢ፣ 0.8 ወይ 1 ሚሊሜትር የመዳብ ላሜራ ይበቃሻል። የጀማሪ ክፍሎች ቶሎ ነው የሚሞሉት፣ ዛሬ ደውዪ። ከገባሽ ማታውን ንገሪኝ፣ እኔም ለብቻዬ የምሠራበትን ሰዓት ከዚያ ጋር ላስማማው እሞክራለሁ፣ መጋዙን አብረን እንይዛለን።